ፔኒሲሊንን ጦርነት ነው የወለደው? የአንድ መድኃኒት የጉዳይ ጥናት

ለምን ይሄን ኬዝ መረጥኩ

ሰሞኑን ምሳ ላይ ተቀምጠን አንድ የስራ ባልደረባችን "ጦርነት መጥፎ ነው ምናምን ትላላችሁ እንጂ ቴክኖሎጂ የሚያድገው በጦርነት ነው" አለና መቁጠር ጀመረ። ራዳር፣ ጄት፣ ኑክሌር፣ ሮኬት። ከዛ ወደኔ ዞሮ "አንተ ደግሞ ፋርማሲስት ነህ፣ ፔኒሲሊንንስ ማን አመጣው?" አለኝ። መልሴን ሳልጨርስ የምሳ ሰዓቱ አለቀ፣ እሱም ያሸነፈ መስሎት ሄደ። ስለዚህ እዚህ ልጨርሰው። የሰዎቹን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፣ ስም ሲገባ ወሬው ጀግና ፍለጋ ይሆንና አሰራሩ ይረሳል፣ እኔ ደግሞ የምፈልገው አሰራሩን ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከጦርነቱ በፊት

ነገሩ የተጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ በሰላም ጊዜ ነው፣ ይሄን መጀመሪያ እንያዝ። በ1928 ሴፕቴምበር ለንደን ሴንት ሜሪስ ሆስፒታል የሚሰራ አንድ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ከእረፍት ሲመለስ ባክቴሪያ ያሳደገበት ሳህን ሻግቶ አገኘው፣ ሻጋታው ዙሪያ የነበረው ባክቴሪያ ደግሞ ሟሙቶ ጠፍቷል። በ1929 ጽፎ አሳተመው። ግን ባክቴሪያውን የገደለውን ንጥረ ነገር፣ ማለትም ፔኒሲሊንን፣ አጣርቶ ማውጣት አልተቻለም፣ ሲነካኩት ይበላሻል፣ እና ወረቀቱ ወደ 10 ዓመት ገደማ መደርደሪያ ላይ ተኛ።

ከዛ ያነሳው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። መሪው አውስትራሊያዊ ፕሮፌሰር፣ ዋናው ባዮኬሚስት ደግሞ ሂትለር ስልጣን ሲይዝ በ1933 ከጀርመን የሸሸ አይሁዳዊ። ስራውን ሲጀምሩ ወታደር እናድናለን ብለው አልነበረም፣ ነገሩ ሳይንሳዊ ጉጉት ስለቀሰቀሰባቸው ነው፣ ገንዘቡም በአብዛኛው የመጣው ከአሜሪካው ሮክፌለር ፋውንዴሽን ነው። እንግዲህ በዛ ዘመን በመድኃኒት ስራ ዓለምን የምትመራው ጀርመን ነበረች፣ ከፔኒሲሊን በፊት ሰው ያድን የነበረው የሰልፋ መድኃኒት ባየር ከሚባለው የጀርመን ኩባንያ ቤት የወጣ ነው። ያቺ ጀርመን ይሄን ሰው በዘሩ ምክንያት አባረረችው፣ እሱም እውቀቱን ይዞ ጠላቷ ሀገር ገባ። ጦርነቱ ገና ሳይጀመር አንድ ኪሳራ ተመዘገበ ማለት ነው፣ ማንም ግን በጊዜው አልቆጠረውም።

ችግሩ፦ ሻጋታ ፊቱ ላይ ነው የሚበቅለው

ሜይ 25 ቀን 1940 ስምንት አይጦች ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ተበከሉ፣ ለአራቱ ፔኒሲሊን ተሰጠ። ሊነጋጋ ሲል ያልተሰጣቸው አራቱም ሞተዋል፣ የተሰጣቸው ቆመው ይሄዳሉ። በነጋታው ደንከርክ በምትባል የፈረንሳይ ወደብ ላይ የእንግሊዝ ጦር በመርከብ መሸሽ ጀመረ። ሰዎቹ ጀርመን እንግሊዝን ትይዛለች ብለው ስለፈሩ የሻጋታውን ዘር ኮታቸው ገበር ውስጥ አሹት፣ ላቦራቶሪው ቢቃጠል እንኳን ከመሃላቸው አንዱ ካመለጠ ሻጋታው አብሮት እንዲያመልጥ።

ለአይጥ የሚበቃ መድኃኒት ነበራቸው፣ ለሰው የሚበቃ ግን የለም። ሰው ከአይጥ በሺዎች እጥፍ ይከብዳል። እና ማን ያምርትላቸው? የእንግሊዝ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ሌላ የጦርነት ትዕዛዝ ተሸክመዋል፣ ከላይ ቦምብ ይወርድባቸዋል፣ ሻጋታ ለማሳደግ የሚተርፍ አቅም አልነበራቸውም። እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ እዩት፣ ጦርነቱ ያለበት ሀገር ላይ ጦርነቱ ለፔኒሲሊን ያደረገው የመጀመሪያ ነገር መንገድ መዝጋት ነው።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው ክፍል ራሱ ፋብሪካ ሆነ። ሻጋታውን በብስኩት ቆርቆሮ፣ በወተት ገንቦ፣ በመታጠቢያ ገንዳ አሳደጉት። ከሁሉም የተሻለው ዕቃ የሆስፒታል ፖፖ ሆኖ ተገኘ፣ አዎ በሽተኛ አልጋው ላይ ሆኖ የሚጸዳዳበት ፖፖ፣ ዝርግ ነው፣ አፍ አለው፣ ይደራረባል። በኋላ የፖፖውን ቅርጽ እያዩ በመቶዎች የሚቆጠር የሸክላ ዕቃ አሰሩ። ማጣሪያውን ደግሞ ከቤተ መጻሕፍት የተጣለ መደርደሪያ ላይ አንድ በእጁ ሁሉን የሚሰራ ወጣት ባዮኬሚስት ገጣጠመው። ስድስት ወጣት ሴቶች በሳምንት 2 ፓውንድ እየተከፈላቸው ዘሩን ይረጩ ፈሳሹን ይቀዱ ነበር።

ለምን ዝርግ ዕቃ? ሞሰብ ውስጥ እንጀራ የከረመበት ሰው መልሱን ያውቀዋል። ሻጋታ አየር ስለሚፈልግ ፊቱ ላይ ነው የሚወጣው፣ ከስር አይበቅልም። ፈሳሹን አንድ ሜትር ብታጠልቁት የምታገኙት ያችኑ የላይኛዋን ስስ ሽፋን ነው። ስለዚህ ምርት ለመጨመር ጥልቀት አይጠቅምም፣ ስፋት ነው የሚያስፈልገው፣ ማለትም ሌላ ፖፖ፣ ሌላ ፖፖ፣ ሌላ ፖፖ። ምርቱም የሚያሳፍር ነበር፣ አንድ ከባድ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ለማከም ወደ 2,000 ሊትር የሻጋታ ፈሳሽ ይፈልጋል።

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1941 የመጀመሪያው እውነተኛ በሽተኛ ተሞከረበት፣ የኦክስፎርድ ፖሊስ ነው፣ ፊቱ ላይ የጀመረ ቁስል አመርቅዞ አንድ ዓይኑ ወጥቷል፣ ሳንባው ተበክሏል። በአንድ ቀን ውስጥ ትኩሳቱ ወረደ፣ መብላት ጀመረ። ግን መድኃኒቱ አልቋል። በሽንቱ የሚወጣውን ፔኒሲሊን መልሰው ለማጣራት ሽንቱን በብስክሌት ከሆስፒታል ወደ ላቦራቶሪ ያመላልሱ ነበር፣ እሱንም ሰጡት፣ በአምስት ቀን ያም አለቀ። በሽታው ተመልሶ ማርች 15 ገደለው።

የተወሰደው እርምጃ፦ ቦምብ ወደማይወድቅበት ሀገር

በ1941 ክረምት ፕሮፌሰሩና ያ ገጣጣሚ ባልደረባው ዘሩን ይዘው በሊዝበን በኩል አሜሪካ ገቡ። ጁላይ ላይ ኢሊኖይ ግዛት ፒዮሪያ የምትባል ከተማ ደረሱ፣ የግብርና ሚኒስቴሩ ላቦራቶሪ ያለበት። ይሄ ላቦራቶሪ በ1938 የወጣ የግብርና ሕግ ካቋቋማቸው አራቱ አንዱ ነው፣ ስራው ገበሬው ተርፎት ዋጋ ላጣ እህል ሌላ ጥቅም መፈለግ ነበር። ስለ ቁስልና ስለ ወታደር ማንም አያስብም ነበር ማለቴ ነው። አካባቢው በቆሎ ነው፣ ከበቆሎ ስታርች ሲወጣ በቆሎው የተዘፈዘፈበት ወፍራም ውሃ ይተርፋል፣ እሱን የት እንድፋው እያሉ ይጨነቁ ነበር። ሻጋታው ውስጥ ጨመሩት። ስኳሩንም ወደ ወተት ስኳር ቀየሩት። ምርቱ ከ10 እጥፍ በላይ ዘለለ።

ሁለተኛው ነገር የፖፖን ዘመን የዘጋው ነው። ፈሳሹ ውስጥ ንጹህ አየር እየነፉ እያማሰሉ ሻጋታውን ከላይ እስከ ስር ማሳደግ። ጠላ ጋን ሙሉ ይፈላል እንጂ በሰፌድ አይጠመቅም አይደል፣ እንደዛ በሉት፣ ልዩነቱ እዚህ አየር ከውጭ መግባት አለበት፣ የሚገባው አየር ላይ ደግሞ አንዲት የባዕድ ባክቴሪያ ካለች ታንከሩ ሙሉ ይደፋል። የቀድሞው ሻጋታ እንዲህ ጠልቆ ማደግ አይወድም ነበርና ከየቦታው ሌላ ዝርያ ተፈለገ። በ1943 ከዛው ከፒዮሪያ ገበያ የተገኘ የሻገተ ሜሎን ላይ የነበረው ዝርያ ሁሉንም አስከነዳ፣ እሱንም በኤክስሬይና በአልትራቫዮሌት እየመቱ የተሻለ የሚሰጥ ልጅ አወጡለት።

እስካሁን ሳይንስ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ኢኮኖሚ ነው፣ እኔም ባልደረባዬን ላሳየው የፈለኩት ይሄን ክፍል ነው። ኩባንያዎቹ መጀመሪያ አመነቱ። ምክንያታቸው ሞኝነት አልነበረም። አንድ ኬሚስት ነገ ጠዋት ፔኒሲሊንን በኬሚካል ቀላቅሎ ከሰራው በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የወጣበት የሻጋታ ታንከር ቁራጭ ብረት ነው የሚሆነው። የትኛውም ጤነኛ ነጋዴ ሌላው ቀድሞ ይግባና ልይ ይላል። ፐርል ሃርበር የሚባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር በጃፓን ከተመታ በ10ኛው ቀን ኒውዮርክ ላይ ስብሰባ ተደረገ፣ የፒዮሪያው ውጤት ተነገራቸው፣ ያኔ ልባቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። መንግስት ደግሞ ፍርሃታቸውን አንድ በአንድ ፈታው። የጦርነት ምርት ቦርዱ ከ170 በላይ ኩባንያ አይቶ 21 መረጠ። እርስ በርስ መረጃ ቢለዋወጡ በጸረ-ሞኖፖል ሕግ እንዳይከሰሱ ተፈቀደላቸው። ስድስት ፋብሪካ በመንግስት ገንዘብ፣ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶ ተሰራ። በራሳቸው ገንዘብ ለሚሰሩት ደግሞ የግንባታ ወጪያቸውን በ5 ዓመት ውስጥ ከታክስ እንዲያወራርዱ ተደረገ፣ በነሱም ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። ገዢ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ አልነበረም፣ ጦሩ የተመረተውን ሁሉ ይወስዳል።

የሰራው

ፋይዘር በዛን ጊዜ ብዙ ሰው የማያውቀው የሎሚ አሲድ አምራች ነበር፣ ለለስላሳና ለምግብ የሚገባውን ማለት ነው፣ ግን ሻጋታ በታንከር የማብላላት ልምድ ነበረው። ብሩክሊን ውስጥ አንድ የድሮ የበረዶ ፋብሪካ ገዛ፣ ማቀዝቀዣው እዛው ተተክሎ ስላገኘው ጊዜ ተረፈለት፣ እያንዳንዳቸው 28,000 ሊትር ገደማ የሚይዙ 14 ታንከሮች ተከለበት እና ማርች 1 ቀን 1944 ስራ ጀመረ። ከፖፖ ወደ 28,000 ሊትር በሶስት ዓመት።

ቁጥሩን እዩት። አሜሪካ በ1943 ያመረተችው 21 ቢሊዮን ዩኒት ነው (ዩኒት የፔኒሲሊን መጠን መለኪያ ነው)። በ1944 1,663 ቢሊዮን ሆነ። በ1945 ከ6.8 ትሪሊዮን አለፈ። በ1944 ጁን ኖርማንዲ ላይ ጦሩ ሲያርፍ 2.3 ሚሊዮን ዶዝ ተዘጋጅቶለት ነበር። በ1943 አጋማሽ 20 ዶላር የነበረ አንድ ዶዝ በ1946 55 ሳንቲም ገባ። እንዲህ ያለ የዋጋ መውረድ እኔ በስራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም፣ እኔ የማውቀው ወደ ላይ ሲሄድ ነው።

ያልሰራው

ብዙ ነው። ትልቁ ኬሚካል የመስራቱ ፕሮግራም ነው። የሁለቱ ሀገሮች መንግስታት ወደ 40 የሚጠጉ ላቦራቶሪዎችና ከ1,000 የሚበልጡ ኬሚስቶች አሰማሩበት፣ ዘመናዊው መንገድ እሱ ነው የሚባለው፣ ሻጋታው ደግሞ እንደ ጊዜያዊ ማስታገሻ ይታይ ነበር። ጦርነቱ አልቆም አልተሳካም። ፔኒሲሊንን ከባዶ በኬሚካል መስራት የተቻለው በ1957 ነው፣ ያኔም ፋብሪካዎቹ ከሻጋታው አልተላቀቁም ምክንያቱም ርካሹ እሱ ነው። የተከበረው ወድቆ የተናቀው አሸነፈ። መንግስት ሁለቱንም መንገድ ባይይዝ ኖሮስ?

ክፍፍሉም ሌላ ጣጣ ነው። ለሲቪሉ ማን ይሰጠው የሚለውን አንድ የቦስተን ሐኪም የሚመራው ኮሚቴ ይወስን ነበር፣ ልጆቻቸው እየሞቱባቸው የሚለምኑ ወላጆች ደብዳቤ እየጎረፈለት። በ1943 ሰሜን አፍሪካ ላይ ደግሞ ያቺ ጥቂት መድኃኒት ለቁስለኛው ትሰጥ ወይስ ጨብጥ ይዞት ለተኛው ወታደር የሚል ጥያቄ መጣ፣ ጨብጥ ያለበት በቶሎ ድኖ ግንባር ስለሚመለስ እሱ ተመረጠ። በጦርነት ሂሳብ ትክክል ነው። ሐኪም ሆናችሁ ስታስቡት ግን ያማል።

ጀርመን ምርቱን በብዛት ማድረስ አልቻለችም። የሚገርመው በጀርመን የተያዘችው ሆላንድ ውስጥ ዴልፍት ከተማ ያለ የእርሾ ፋብሪካ በድብቅ ሰርቶታል፣ ጀርመኖቹ እንዳይነቁ "ባሲኖል" የሚል የሽፋን ስም ሰጥተውት ነበር። በጦርነት ውስጥ ፈጠራ አለ ለሚል ሰው ይሄን ምሳሌ እቀበላለሁ፣ ግን ከጠባቂ እየተደበቁ የሰሩትና ብሩክሊን የተሰራው መጠኑ አይወዳደርም።

ሌላው ከጅምሩ የታየና የተተወ ነገር ነው። የኦክስፎርዱ ቡድን ገና በ1940 ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኤንዛይም ያላቸው ባክቴሪያዎች እንዳሉ ጽፎ ነበር። የ1945ቱን ኖቤል ሲቀበል ያ የለንደኑ ሐኪም ሰው መጠኑን አሳንሶ እየወሰደ ባክቴሪያውን ያለማምዳል ብሎ አስጠነቀቀ። በጦርነት ፍጥነት የወጣ ዕቃ ለአጠቃቀም ደንብ ጊዜ አይሰጥም። እኔ ዛሬ ካውንተር ላይ ቆሜ "ግማሽ ስትሪፕ ብቻ ስጠኝ፣ ሲሻለኝ አቆማለሁ" የሚለኝን ሰው ስከራከር የምከራከረው ያንኑ ነገር ነው።

ሂሳቡን ማን ከፈለ

ግኝቱ የእንግሊዝ ነው፣ የመጀመሪያው በሽተኛም የሷ ፖሊስ ነው። ኦክስፎርዶች ፓተንት አላወጡም፣ በጊዜው ለሕክምና ነገር ፓተንት ማውጣት ነውር ነው የሚል አመለካከት ነበር። የአመራረት ዘዴው ፓተንት አሜሪካ ቀረ፣ ከጦርነቱ በኋላ የእንግሊዝ ኩባንያዎች የታንከሩን ዘዴ ሲተክሉ ለአሜሪካ ኩባንያዎች እየከፈሉ ነው። ያ ብዙ እንግሊዛውያንን ለዓመታት አንገብግቧቸዋል።

ግን ፓተንቱ ትንሹ ነው። እንግሊዝ ጦርነቱን አሸንፋ ባዶ ካዝና ይዛ ወጣች። በ1946 ከአሜሪካ 3.75 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። በጦርነቱ ጊዜ እንኳን ያልተራሸነው ዳቦ በዛው ዓመት በራሽን ሆነ፣ የምግብ ራሽን ጨርሶ የተነሳው በ1954 ነው። የብድሩ የመጨረሻ ክፍያ የተፈጸመው ዲሴምበር 29 ቀን 2006። ሞባይል በኪሳችን ይዘን፣ ማለት ነው።

ወደ ሌላ ቦታ ሊወሰድ የሚችለው

ከዚህ ኬዝ እኔ የማወጣው ባልደረባዬ ካለው ጋር አይገጥምም። ፖፖው የነበረው ቦምብ የሚወርድበት ሀገር ነው፣ 28,000 ሊትሩ ታንከር ደግሞ ጥይት ያልተተኮሰበት ከተማ። ፒዮሪያ ኢሊኖይ ላይ ጦርነት የለም፣ በቆሎ ነው ያለው። ጦርነቱ ለአሜሪካ የሰጣት ገዢ ነው፣ የተመረተውን ሁሉ ልግዛ የሚል፣ ኪሳራውን ልጋራ የሚል፣ ተፎካካሪዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ መንግስት። ያን ሁሉ ለማድረግ ጦርነት ግድ ነው ወይ? በኮቪድ ጊዜ አሜሪካ ክትባቱ ገና ፈቃድ ሳያገኝ በጅምላ ቀድማ ስትገዛ ያው ዘዴ ተሰርቶበታል፣ ማንም ከተማ አልተደበደበም።

ሌላው፣ መፍትሄ የሆነው ሁሉ ቀድሞ ሌላ ስራ ላይ የነበረ ነው። የ1928 ሳህን፣ ገበሬ ለመርዳት የተከፈተ ላቦራቶሪ፣ ለለስላሳ መጠጥ አሲድ የሚያበላላ ታንከር፣ የበረዶ ፋብሪካ። ጦርነት ሲመጣ ከመጋዘኑ አወጣ እንጂ መጋዘኑን አልሞላም፣ እንዲያውም ጦርነቱ በቆየ ቁጥር መጋዘኑን የሚሞሉት ሰዎች ላቦራቶሪ ውስጥ የሉም። መጋዘኑ ባዶ የሆነ ሀገርስ ምን ያወጣል?

የኛን ለማየት ሩቅ አልሄድም። አዲግራት ላይ በሀገሪቱ ካሉት ትላልቅ የመድኃኒት ፋብሪካዎች አንዱ ነበር፣ በ2020 በተጀመረው ጦርነት ተጎድቶ ስራ አቆመ። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ ከአጎዋ ወጣን፣ ለአሜሪካ ገበያ ይሰፋ የነበረው ልብስ ከቀረጥ ነጻ መግባቱ ቀረ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሰሩ ብዙ ልጆች ቤታቸው ተመለሱ። እኛ ጋ ጦርነቱ የተደረገው ታንከሩ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። ይሄን ስነግረው ባልደረባዬ "እሱማ እኛ ስለማናውቅበት ነው" አለኝ። እንግሊዝም አታውቅበትም ነበር ማለት ነው እንግዲህ።

አንድ ቀን ላይ ደግሞ ሁሌ ዓይኔ ይቀራል። ያ ፖሊስ የሞተው ማርች 15 ቀን 1941 ነው። አሜሪካ ውስጥ ክልከላው ተነስቶ ፔኒሲሊን እንደማንኛውም መድኃኒት በፋርማሲ መሸጥ የጀመረው ማርች 15 ቀን 1945፣ ልክ በ4 ዓመቱ። በሱ ሀገር ግን ተራው ሰው በማዘዣ ከፋርማሲ መግዛት የቻለው በ1946 ነው።